ፍሬኑ ይጠብቃል

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ወረቀቱ ደርሶኝ ነበር። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ከሃያ ሰባት ዓመት በፊት መካኒኩ ጌታሁን ለባሌ ለታደሰ የጻፈው ነው። ደጃችን የቆመችውን መኪና ሲጠግን ውሎ፣ ቤት ሰው ሲያጣ በበር ሥር አስገብቶት ሄደ። «የኋላው ፍሬን ሥራው አላለቀም፤ መኪናዋን እንዳትነካት» ይላል። ያኔ ፊደል አላውቅም። ጎረቤት እንዲያነብልኝ መጠየቅ አፈርኩ። ከታደሰ ጋር ተኳርፈን ስለነበር ለእሱም አልሰጠሁትም። በማግስቱ ጠዋት ሳላናግረው ወጣ። የደብረ ታቦርን ቁልቁለት ሲወርድ ሞተ።

ጌታሁን ፍርድ ቤት ቀርቦ «ጽፌ በበሩ ሥር አስገብቻለሁ» አለ። እኔን ጠየቁኝ። «አላየሁም» አልኩ። አራት ዓመት ታሰረ። ሲፈታ ወደዚህ ወደ ወረታ አልተመለሰም፤ ሐሙሲት ኖሮ እዚያው ሞተ።

ፊደል የቆጠርኩት ከዚያ በኋላ ነው፣ ብቻዬን፤ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ጋዜጣ፣ ከመድኃኒት ካርቶን። መጀመሪያ ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት ያንን ወረቀት ነው። ከዚያ አቃጠልኩት።

ዛሬ ይህን ያስጻፈኝ ልጄ ማስረሻ ነው። አባቱ ከሞተ በአራተኛው ወር ስለተወለደ ነው ስሙ። ሰው ወደ ባሕር ዳር የሚያመላልስባት የቻይና የኤሌክትሪክ መኪና አለችው። ነዳጅ አትጠጣም፣ ድምፅ የላትም፣ ኔትወርክ ስታገኝ ደግሞ አዲስ ነገር ትማራለች። መስከረም ላይ መስመር ስትለቅ መጮህ ተማረች። በቀደም በሯን ራሷ መቆለፍ። አስፋልቱ ዳር ባጃጁን የሚያቆመው ጎረቤታችን ደረጀ ባየው ቁጥር ይቀልድበታል፦ «ሩዝ ማጨድስ መቼ ነው የምትማረው? አጨዳው ሳያልቅ አስተምራት እንጂ!»

ዛሬም አፕዴት ጨረሰች። ጽሑፉ ቻይንኛ ነው። ማስረሻ በስልኩ አንስቶ ወደ አማርኛ ገለበጠውና፣ መኪናዋን ያጥብ ስለነበር እጁ ሳሙና ሆኖ፣ «እማዬ፣ አንብቢልኝ» አለኝ። መነጽሬን አደረግሁ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። «ከነዳጅ መስጫው ላይ እግር ሲነሳ ፍሬኑ ይጠብቃል።»

«ምን ማለት ነው?» አለኝ።

«ይጠብቅሃል ማለት ነዋ! እግርህን ስታነሳ ዝግጁ ሆኖ ይጠብቅሃል።»

ሳቀና፣ «እንግዲህ ሁለት ጠባቂ አለኝ» አለ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ማስረሻ ተጋጨ። በሕይወት አለ። አንገቱን ነው፤ መዞር አይችልም።

ከኋላው የገባበት ባጃጅ የደረጀ ነው። ተሳፋሪ አልጫነም፤ እሱም ተመስገን። እግሩ ግን ሁለት ቦታ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝቷል።

ምንም መሥራት አልቻልኩም። ውሃ ጥጄ ረሳሁት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ትራፊኩ ቤት ድረስ መጣ። ማስረሻ ትራስ ተደግፎ ቃሉን ሰጠ። ከከተማ ሲወጣ በዝግታ ስለሆነ ምንም አልታወቀውም። ሜዳው ላይ ከሩዙ ማሳ ከብቶች ወጡ። ሁልጊዜ እንደሚያደርገው እግሩን አንስቶ በቀስታ ሊያሳልፋቸው አሰበ።

«ፍሬን አልረገጥኩም። እግሬን ብቻ ነው ያነሳሁት። በራሱ ጠበቀብኝ።»

ጠበቀብኝ።

መጥበቅ ነው ለካ። እኔ መጠበቅ ብዬ ነው ያነበብኩት። በጽሑፍ ሁለቱም «ይጠብቃል» ነው፤ «ብ»ን ጠበቅ አድርገህ ስታነበው አንድ፣ ስታላላው ሌላ። አስተማሪ ያስተማረው ሰው ምናልባት ቆም ብሎ ያስብ ነበር። እኔ ልጄን የሚጠብቅ ነገር ስፈልግ ስለኖርኩ ይሆናል፣ የምፈልገውን አነበብኩ።

ትራፊኩ የሆነውን ንድፍ ስሎ ጨረሰ። «አንተ ላይ ምንም የለም» አለው ማስረሻን። «ከኋላ የመጣው ርቀቱን አልጠበቀም። ሲሻለው ይከሰሳል።» ወደ እኔ ዞሮም፣ «እናቴ፣ አይደንግጡ። ጥፋቱ የባጃጁ ነው» አለኝ።

አፌ ተከፍቶ ነበር። ሻይ ልቅዳልዎት ወይ አልኩት።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሆስፒታል ሄድኩ። ሁለት ኪሎ ብርቱካን ይዤ። የደረጀ ሚስት ስንዱ በር ላይ ተቀምጣለች። ተነሥታ ሳመችኝ፤ ያ ነው የገደለኝ።

«እቴቴ፣ ልጅዎ እንዴት ሆነልዎት? ይቅር በሉን እንግዲህ። ‹ተጠግተህ አትንዳ› እያልኩ ስጨቀጭቀው ነበር፤ የኔን ነገር መቼ ሰምቶ ያውቃል።»

«አልተጠጋም እኮ» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ፤ ደረጀ ነው። «ስንዱ፣ ስንቴ ልንገርሽ። እንደ ወትሮው ነው የነዳሁት። መኪናዋ ቀጥ አለች።»

«ይኸው፣ ሌላ ቃል የለውም» አለችኝ በሹክሹክታ። «ትራፊኩም አላመነው። እኔም እንጃ።»

ገብቼ ጠየቅሁት፤ እግሩ ቀለሙ ተለውጧል። ሐኪሙ ሳይቆረጥ አይቀርም እንዳለ ስንዱ ስንወጣ ነገረችኝ። ለእሱ ገና አልነገሩትም። አንድ ወረቀት አውጥታ ደግሞ «ይህ ምን ይላል? ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ነው» አለችኝ። እሷ ማንበብ አትችልም። ለቀዶ ጥገናው የሚፈረም ነው። አነበብኩላት። እያንዳንዱን ቃል ሁለት ጊዜ።

ማታ ለማስረሻ ነገርኩት። መጀመሪያ የስልኩን፣ ቀጥሎ የአባቱን።

«ጌታሁን የሚባለውን ሰውዬ» አለ፣ «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስረግመው ኖሬያለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«ስረግም እየሰማሽ?»

«እየሰማሁ።»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እማዬ፣ ብትናገሪ የሚከሰሰው እኔ ነኝ። አዲስ ነገር ተጨምሮባት ሳልሞክራት አስፋልት አወጣሁ ማለት ነው። ዝም ካልሽ ማንም አያውቅም» አለኝ።

ልጄ ነው። አንድ ነው ያለኝ። የነገረኝም እውነት ነው፤ ማንም አያውቅም። ያኔም ማንም አላወቀም።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

የደረጀን እግር ቆረጡት። ከጉልበት በታች።

ማስረሻ ስልኩን አውጥቶ ያንን ጽሑፍ ለብቻው ሲያነብ አየሁት። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። አንዴ ጠበቅ፣ አንዴ ላላ ያደርገዋል። «እኔም ብሆን እንዳንቺ ነበር የማነበው» አለኝ። ይህን ያለው ሊያጽናናኝ ይሁን እውነቱን እንጃ። አላጽናናኝም።

ትራፊኩ ዘንድ ብሄድ የነገርኩትን በራሱ አፍ ያሳጥረዋል። ስፈራም ምላሴ ይተሳሰራል፤ ያኔ ፍርድ ቤትም ከአንዲት ቃል ሌላ አልወጣኝም። በጽሑፍ ግን እችላለሁ። ያለፈውን አራት ቀን ከደብተሩ ቀደድኩ፤ የዛሬውንም እጨምርበታለሁ። አንድም መስመር አልሰረዝኩም፣ የጌታሁንንም ጭምር።

ማስረሻ አጣጥፌ ሳስቀምጠው አየ። አልከለከለኝም፣ አልመረቀኝም። ጫማውን ፈልጎ አደረገ፣ መልሶ አወለቀ። «ስንት ሰዓት ነው የምትሄጂው?» አለኝ በመጨረሻ። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት አልኩት። አብሮኝ ይምጣ አይምጣ አላውቅም።

ይህን ወረቀት የምትቀበለው የደረጀ ሚስት ስንዱ ናት። የፈለገችበት ትወስደዋለች፣ ለትራፊኩም ለፍርድ ቤቱም። ከዚያ በፊት ግን ምን እንደሚል ማወቅ አለባት፤ ስለዚህ ባሏ ከተኛበት አልጋ አጠገብ ተቀምጬ፣ እሱም እየሰማ፣ ራሴ አነብላታለሁ።