ፀጉሬን ስትሠራኝ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

እማምዬ፣

ይህን ስጽፍ እቴቴ አታውቅም። እሷ ሳታውቅ ምንም አድርጌ አላውቅም። አንቺ ግን እንዴት ነሽ? ጉልበትሽ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያስቸግርሻል? የአባዬስ ሳል ተሻለው? እኛ ደኅና ነን፤ የጎደለን የእናንተ ዓይን ብቻ ነው።

ታላቅ እህቴ እቴቴ የምትሠራበትን ባንክ ታውቂዋለሽ፤ መስታወት በመስታወት የሆነው ፎቅ፣ ፎቶውን የላክንልሽ። ሥራዋ ተበዳሪ ባይከፍል ባንኩ ምን ያህል እንደሚጎዳ አስቀድሞ ማስላት ነው። ክፍሏ ከየአገሩ በመጡ ሰዎች የተሞላ ነበር። ዘንድሮ ግን ለውጭ ሰው የሥራ ፈቃድ ማሳደስ ጭንቅ ሆነና ወንበሮቹ አንድ በአንድ ባዶ ቀሩ። ከታች የሚኖሩት ሴትዮ ልጃቸው ተምሮ ሥራ ስላጣ «የኛም ልጆች ይቅደሙ እንጂ» ይላሉ፤ በሳቸውም አልፈርድም። የሌሎች አገሮች ከተሞች ደግሞ ባንክና ባለሙያ ለመሳብ እንደ ታክሲ ረዳት «ግቡ፣ ግቡ» እያሉ ይጣራሉ ትላለች እቴቴ። በመጨረሻ ባንኩ ክፍሏን በሙሉ ወደ አንዱ ከተማ ሊያዛውር ወሰነ፤ እሷንም ኃላፊ ሁኚ አላት።

እሷ ግን «የዚያ አገር ብርድ አይስማማኝም፤ ፈቃዴ እስኪያበቃ እዚሁ ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ እቀራለሁ» አለችኝ። በብርድ መስኮት ከፍታ «ወበቀኝ» የምትል ሰው። እኔም ሳልጠይቃት ሻይ ቀዳሁላት፤ ታውቂኝ የለ።

ትናንት ጎረቤታችን፣ የባንኩ የኮምፒውተር ባለሙያ፣ ወደዚያው ከተማ ሲሄድ አበቦቹን ሊያስረክበኝ ደረጃ ላይ አቆመኝና ወሬው አመለጠው። እዚያ ሠራተኛ ይዞ የሚገባው የትዳር ጓደኛውንና የወለደውን ልጅ ብቻ ነው አለኝ። እህት አትቆጠርም። አንቺ ታመሽ በተኛሽበት ዘመን አዝላ ያሳደገችኝ እሷ መሆኗን ማንም አይጠይቅም።

እኔ እዚህም ሆነ እናንተ ጋ ትምህርት ቤት ከክፍሉ ኋላ የምቀመጥ ነኝ። እሷ ግን ስለ ሥራዋ ስታወራ ሾርባዋ ይቀዘቅዛል። ለኔ ብላ ከመስኮት ጀርባ ተቀምጣ ማኅተም ስትመታ ማየት አልፈልግም።

ለአባዬና ለአክስቴ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ትንሹን ወንድሜን ሳሚልኝ፤ አልጋዬን ወርሶት ከሆነም ቀስ ብለሽ አስለቅቂልኝ።

እቴቴ ለባንኩ ሰዎች መልስ የምትሰጣቸው ነገ ነው። ፊቷን እያየሁ እንዲህ ያለ ነገር መናገር አልችልም። ግን ጠዋት ጠዋት ከኋላዬ ተቀምጣ ፀጉሬን ትሠራኛለች። ነገ ራሴን ጉልበቷ መሃል አድርጌ «እቴቴ፣ እሺ በያቸው፤ እኔ ወደ እማምዬ እሄዳለሁ» እላታለሁ። ብታለቅስ አላያት፣ ባለቅስ አታየኝ። ሹሩባው እስኪያልቅም እሷ ተነስታ አትሄድ፣ እኔም አልሸሽ።

ልጅሽ