ለሕክምና ስለ ተላኩት ሟች

ለተከበሩ የቴሌቪዥን ጣቢያው የፕሮግራም ዋና ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ እንቅልፍዎም እንደ ስብሰባዎ የረዘመ እንዲሆንልዎ በታላቅ ትሕትና እመኛለሁ። የእኔን የጠየቁኝ እንደሆነ ደህና ነኝ፤ ብቻ መቀመጥ አቅቶኛል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ከጠረጴዛው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ በሩ እየተመላለስኩ ነውና ጽሑፌ ቢንጋደድ በተለመደው ርኅራኄዎ ይለፉልኝ። በአደባባይ መጻፌም ቢሮዎን ከመናቅ አይደለም፤ የቢሮዎን በር ከውስጥ በኩል የማየት ዕድል እምብዛም ስላልገጠመኝ ነው።

አንደኛ፣ የሥራ ዕድገቴን በተመለከተ። በዚህ ጣቢያ ኬብል ጎታች ሆኜ ገብቼ፣ ረዳት ዳይሬክተር፣ ከዚያም ዳይሬክተር የሆንኩት እርስዎ ከመሾምዎ በፊት ስለሆነ በዚህ ማንም ሊወቅስዎ አይችልም። የመጀመሪያውን ድራማዬን ለመቅረጽ ስቱዲዮ የገባሁ ዕለት ካሜራማኑ በጎን ያየኛል፣ የመብራት ሠራተኞቹ ይሳሳቃሉ። ያኔ ሁላችንም ጋሼ እያልን የምንጠራቸው አንጋፋ ተዋናይ ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ስቱዲዮው ሁሉ እየሰማ፣ «ዳይሬክተር፣ የት ልቁም?» ብለው ጠየቁኝ። የሚቆሙበትን ቦታ ከእኔ በተሻለ ያውቁት ነበር። ከዚያች ጥያቄ በኋላ ግን የሳቀብኝ አልነበረም። እርስዎ ዘንድ ይህን የመሰለ የሥልጠና ፕሮግራም ስለሌለ፣ ለመረጃ ያህል ነው የጠቀስኩት።

ሁለተኛ፣ ለሟቾች ጤና ስለሚያደርጉት እንክብካቤ። ጋሼ በተከታታይ ድራማችን የአውቶቡስ ሹፌር የሆነውን አባት ሆነው ለዓመታት ከሠሩ በኋላ ድምፃቸው መዘጋት ጀመረ፤ ሐኪሞቹም ተስፋ የሚሰጥ ነገር አልነገሯቸውም። «ልጄ፣» አሉኝ በሹክሹክታ፣ «እኔ ከታመምኩ ሹፌሩም ይታመም፤ ሰዉ እንዳይደናገር።» ድርሰቱን እንደገና ጻፍነው። በመጨረሻው ትዕይንት ሞት የቀረበው አባት ሸሚዙን መቆለፍ አቅቶት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ አኩርፋው ከቤት የወጣች ልጁ ትመጣለች፤ ፊቱ ተንበርክካ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ትቆልፍለታለች። ቃል አይለዋወጡም። አባት እጁን ራሷ ላይ ያሳርፋል፤ በቃ። ጋሼ ጣቶቻቸው እየተንቀጠቀጡ ከቁልፉ ጋር ሲታገሉ ትወና ይሁን እውነት እኔም አልለየሁትም፤ «ይበቃል» ሳልል ካሜራው እንዲቀጥል ተውኩት። ሲያበቃ «ተቀረጸ?» አሉ። «ተቀርጿል፣ ጋሼ።» «እንግዲያስ ደከመኝ፤ ቤት አድርሱኝ።» ትዕይንቱ ሳይተላለፍ አረፉ።

በሚተላለፍበት ዕለት ባለቤታቸው ሳሎኑን አሰናድተው፣ ጎረቤቶቻቸውን ሰብስበው ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጠዋል። እርስዎ ግን ለተመልካች ከማሰብዎ ብዛት፣ ለማናችንም ሳይናገሩ ትዕይንቱን አስቆርጠው፣ በቦታው «አባት ለተሻለ ሕክምና ወደ ሩቅ አገር ተልከዋል፤ በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛሉ» የሚል ጽሑፍ አስነበቡን፤ ቀጥሎም የፍራሽ ማስታወቂያ። ወዲያው ስልኬ ጮኸ። ባለቤታቸው ነበሩ። አልተቆጡም፣ አላለቀሱም። «ልጄ፣ ሰውዬዬን የት ላካችሁብኝ?» አሉኝ። ያን ሩቅ አገር የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ስለሆኑ፣ አድራሻውን ቢጠቁሙኝ ለሴትየዋ አደርስላቸው ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ መስተንግዶዎ። ከብዙ መመላለስ በኋላ ፊትዎ ስቀርብ፣ ዓይንዎን ከስልክዎ ሳያነሡ «እመቤቴ፣ ሰው ደክሞት ቤቱ ገብቶ ሞት ማየት አይፈልግም» በማለት አስተማሩኝ። ቢያንስ ለባለቤታቸው ቅጂ እንዲሰጣቸው ስለምንዎ፣ «የጣቢያው ንብረት ነው» አሉኝ። ከዚያም ኀዘኔን ለማስረሳት ይመስለኛል፣ የጣቢያውን ስኬት የሚያሳይ ፊልም እንድሠራ አዘዙኝ። ደረጃ ሲወጡ፣ ደረጃ ሲወርዱ፣ በመስኮት አሻግረው ሲመለከቱ ቀረጽኩዎ። በሙያዬ ብዙ ተዋንያን አይቻለሁ፤ ምንም ሳያስቡ አሳቢ መምሰል የቻለ ግን ከእርስዎ ሌላ አላጋጠመኝም።

አራተኛ ልል ነበር፤ ነገር ግን ቁጥር ለተረጋጋ ሰው ነውና ልተወው። ብዙም ሳይቆይ አባት ከሕክምና ተመለሱ! ከጋሼ በጣም የሚረዝሙ፣ ደረተ ሰፊ፣ ድምፃቸው ግድግዳ የሚያነቃንቅ ጎልማሳ ሆነው መጡ። ልጅየዋን የምትጫወተው ተዋናይት አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ «አባዬ፣ እንዴት አማረብህ!» እንድትል ተጽፎላታል። ካሜራው ተነሣ። ልጅቷ ሰውየውን አየች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «እኔ አልችልም» አለች። እኔም አልቻልኩም። የጆሮ ማዳመጫዬን አውልቄ ወንበሬ ላይ አስቀመጥኩና ያን ሁሉ ዓመት ኬብል የጎተትኩበትን ኮሪደር ይዤ ወጣሁ። ማንም አልተከተለኝም፤ ባይከተለኝም አልቀየምኩም፣ ሁሉም ቤተሰብ አለው።

የትዕይንቱ ቅጂ አንዱ ካሜራማን ዘንድ ነበር። የትኛው እንደሆነ ለማጣራት አይድከሙ፤ ሁሉም «እኔ ነኝ» ሊሉ ተስማምተዋል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ፕሮጀክተር ተሸክመን ጋሼ ቤት ሄድን፤ መስኮቶቹን በአንሶላ ሸፍነን ሳሎኑ ግድግዳ ላይ አሳየን። ጎረቤቱ እስከ በሩ ድረስ ቆሟል። ጋሼ ከቁልፉ ጋር መታገል ሲጀምሩ ባለቤታቸው ተነሥተው ወደ ግድግዳው ሄዱና እጃቸውን በጋሼ ጣቶች ላይ አደረጉ። ጥላቸው ምስሉን ጋረደው፤ ይቀመጡ ያላቸው ግን የለም። «እኔን እምቢ ይለኝ ነበር፤» አሉ ወደ ማናችንም ሳይዞሩ። «በሩን ዘግቶ ከቁልፉ ጋር ሲታገል እሰማዋለሁ። ልርዳህ ስለው ‹ተይኝ› ይለኛል። እዚህ ግን እሺ ብሏል።» ከዚያም «ድገሙልኝ» አሉ። ደገምንላቸው። አሁንም እየመጣ የሚጠይቅ ሰው ስላለ በየእሑዱ እንደግመዋለን።

ለዚህ ጥፋቴ የላኩልኝ የስንብት ደብዳቤ ደርሶኛል፤ ስለ ፍጥነቱ አመሰግናለሁ። እውነቱን ልንገርዎ፣ ፈርቻለሁ። ከዚህ ሥራ ሌላ የማውቀው የለኝም፤ ጠዋት ጠዋት እግሬ ከእኔ ቀድሞ ወደ ጣቢያው መንገድ ይጀምራል፣ ጎትቼ እመልሰዋለሁ። ቢሆንም ያቺ ተዋናይት አለች፣ አንድ ካሜራ አለ፣ የጋሼ ባለቤት ሳሎናቸውን ፈቅደውልናል። የራሴን ፊልም በሚቀጥለው ሳምንት እንጀምራለን። ከእርስዎ የምለምነው አንዲት ነገር ብቻ ናት፤ ትዕይንቱን መልሰው ያስተላልፉ፤ ይህ ካልሆነ «አባት አርፈዋል» የምትል አንዲት መስመር ያስነብቡልን። ሰው ይቅበራቸው።

የክቡርነትዎን ረጅም ዕድሜ፣ አጭር መግለጫ፣ የማይነጥፍ ጭብጨባ እየተመኘሁ፣ ከነሙሉ አክብሮቴና ከነጎደለው ትዕግሥቴ ጋር፣

በእርስዎ ፊርማ የተሰናበተችው ዳይሬክተር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው እሑድ አንዲት የማናውቃቸው አዛውንት መጥተው ከመጨረሻው ረድፍ ተቀመጡ። ትዕይንቱ ሲያበቃ የጋሼን ባለቤት አቅፈው አለቀሱና «ይህን ከሰው የደበቀ ማን ነው? እናት የለውም?» ብለው ጠየቁን። «ጣቢያው ነው» ብለን አለፍነው። ሲወጡ በሩ ላይ ቆም አሉና፣ «አይዟችሁ፣ ልጄ እዚያ ጣቢያ የፕሮግራም ዋና ኃላፊ ነው፤ ደውዬ እነግረዋለሁ» አሉን። ክቡር ሆይ፣ ሲደውሉልዎ ስልኩን ያንሡላቸው።