የእማማ አይቪ መስኮት

ውድ ዲምፕና፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ልጅሽ ግሮንያ አልጋሽ አጠገብ ተቀምጣ እንድታነብልሽ ነው። ምላስሽ ቢታሰርም ጆሮሽ እንደ ድሮው ንቁ እንደሆነ ነግራኛለች። እኔና አንቺ ከአስር ዓመት በላይ የተዋወቅነው በድምፅ ብቻ ስለሆነ፣ ያ ድምፅ መጥፋቱን ስሰማ አለቀስኩ። መርቪን እንኳ ከቴሌቪዥኑ ተነስቶ ሻይ አፈላልኝ። ባሌ ለእኔ ሻይ ካፈላ ነገሩ ከባድ መሆኑን ካወራሁልሽ ሁሉ ሳታውቂው አትቀሪም።

ከሁለቱም ወገን ስልክ የሚይዝ ሰው ሲፈለግ እጄን ያወጣሁት ሌላ የሚያወጣ ስለጠፋ ነበር። አንቺም እንደዚያው ነሽ። ሰፈራችንን ለሁለት ከከፈለው ግንብ ወዲህ እኛ ፕሮቴስታንቶቹ፣ ከግንቡ ወዲያ እናንተ ካቶሊኮቹ፤ ጎረምሶቹ ድንጋይ መወራወር ሲጀምሩ አንዳችን ለሌላችን እንደውላለን፤ ከዚያ የእኛን እኔ፣ የእናንተን አንቺ ተቆጥተን ቤት እናስገባለን። ሥራችን ይኸው ነበር። መጀመሪያ ሰው እንዳያየን ፈርተን ሳንገናኝ ቆየን፤ ፍርሃቱ ሲያልፍ ደግሞ ተፋፈርን። መርቪን ስልኬ በጠራ ቁጥር “ውሽማሽ ደወለች” እያለ ይስቅብኛል።

ትልልቅ ሰዎች ክራባት አስረው ስለ ዓለም ሰላም ሲፈራረሙ በቴሌቪዥን ባየሁ ቁጥር አንቺ ያልሽው ትዝ ይለኛል። “ፊርማውስ ይሁን፤ ሲመሽ ልጆቹን ማን ያስገባል?” ብለሽኝ ነበር። እኔ ደግሞ የዓለም ሰላም ከእኛ ከሁለት ወሬኛ ሴቶች ጋር ምን ያገናኘዋል ብዬ ስስቅ፣ “ዓለም እኮ የሰው ሰፈር ሁሉ ድምር ነው፤ እኛ ይቺን እንያዝ፣ ሌላውን ሌላው ይይዘዋል” አልሽ። ያን ቀን ከስልኩ በኋላ ብዙ አሰብኩበት።

አሁን የዘንድሮውን ልንገርሽ። የእኛ የፕሮቴስታንቶቹ ዓመታዊ ሰልፍ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ነበር። ወንዶቹ ለማታ የሚቃጠለውን ደመራ ጣውላ በጣውላ እየቆለሉ ሳለ፣ ግንቡ ሥር ያለችው የእማማ አይቪ መስኮት በድንጋይ ተሰበረ። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሴትዮ ሹራብ እየሠሩ ባሉበት መስታወቱ ጭናቸው ላይ ረገፈ። ደግነቱ አልቆረጣቸውም። ወሬው ደመራው ጋ ሲደርስ ወንዶቹ ጣውላውን እየጣሉ ወደ ግንቡ ብረት በር መሰብሰብ ጀመሩ፤ መርቪንም አብሯቸው ነበር። መርቪን ሁለቱ ወገኖች በተገዳደሉበት በዚያ ክፉ ዘመን ታናሽ ወንድሙን የቀበረ ሰው መሆኑን ታውቂያለሽ። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ፊቱ ይለወጥብኛል።

ደወልኩልሽ። ስልኩ ይጠራል፤ አታነሺም። ደጋግሜ ሞከርኩ። ከእናንተ በኩል የጎረምሶች ፉጨት መሰማት ሲጀምር ጊዜ እንደሌለኝ ገባኝና ኮቴን ደርቤ በወንዶቹ መሀል ሾልኬ በብረት በሩ ወጣሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ቤልፋስት ስኖር እናንተ መንገድ ላይ እግሬ ረግጦ አያውቅም።

ቤትሽን አላውቀውም፤ ስለዚህ መንገድ መሀል ቆሜ እየጮህኩ ጠራሁሽ። ሰዎች ከየደጃፋቸው ወጡ። አንዲት ሴት ከላይ እስከ ታች አየችኝና “ምኗ ነሽ?” አለችኝ።

ምን እንደምል አላውቅም ነበር። “ጓደኛዋ ነኝ” አልኩ። ቃሉን ለራሴም ብዬው አላውቅም።

ያኔ ግሮንያ ዓይኗ እንደቀላ ከቤትሽ ብቅ አለች። ከትናንት ወዲያ በድንገት እንደወደቅሽ፣ ሆስፒታል እንደሆንሽ ነገረችኝ፤ ስልክሽም ማንም ሳያነሳው እዚያው ቦርሳሽ ውስጥ ይጠራል። ደጃፍሽ ላይ ቁጭ አልኩ። ከበሩ ማዶ የወንዶቹ ጩኸት እየተሰማ፣ እኔ ላንቺ አለቅሳለሁ።

መስታወት ገጣሚው ጎረቤትሽ ፊንታን መጥቶ ቆመብኝ። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት።

“እና እኔ ምን ላድርግልሽ? ላልሠራሁት ይቅርታ ልጠይቅ?” አለኝ።

“ይቅርታው ይቆየኝ። አሮጊቷ ዛሬ መስኮት በሌለው ቤት እንዲያድሩ አልፈልግም።”

ወደ በሩ ተመለከተ። በእውነት የሚሰድበኝ መስሎኝ ነበር። “ስፋቱ ስንት ነው?” አለኝ። እጆቼን ዘርግቼ ሳሳየው ሳቁ አመለጠው። “በክንድሽ እየለካሽልኝ ነው እንዴ? በይ ትልቁን ይዤ እዚያው እቆርጠዋለሁ።”

በበሩ ስንገባ እኔ ከፊት፣ እሱ መስታወቱን ተሸክሞ ከኋላዬ ነበር። መስታወት የተሸከመ ሰው መሮጥ አይችልም፤ ፊቱን መከለልም አይችልም። ወንዶቻችን መንገዱን ዘግተው ቆመዋል። መርቪን ከፊት ነው፤ ጣውላ ይዟል። ከኋላ አንዱ ጸያፍ ስድብ ወረወረ። ዲምፕና፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ በትዳር ያረጀሁበት ሰው ምን እንደሚያደርግ አላውቅም ነበር። ፈራሁት።

“መርቪን፣ ወይ ያዝለት ወይ መንገድ ልቀቅ” አልኩት።

ፊንታንን አየው። መስታወቱን አየው። ከዚያ ጣውላውን ግድግዳ አስደግፎ ቀረበና በአንድ በኩል ያዘ። “ቀስ በል፣ እዚህ ጋ ድንጋዩ ያዳልጣል” አለው።

እማማ አይቪ በራቸውን ከፍተው ቆመዋል። “የማድ ቤቱ መስኮት ንፋስ ያስገባል ብዬ ስንቴ ለማዘጋጃ ቤት አመልክቼ የመጣ የለም። ድንጋይ ሲወረወርብኝ ነው እንዴ ሰው የሚመጣው?” አሉ። ፊንታን መቁረጥ ሲጀምር ወንዶቹ መስኮቱን ከበው ቆሙ። መጀመሪያ በንዴት ያዩት ነበር፤ ቆይተው መስታወቱ የሚጣበቅበት ስቱኮ እንዴት እንደሚቀባ ምክር መስጠት ጀመሩ። አንዱ ሊያስተምረው ሲል ፊንታን “እንካ፣ አንተ ሥራው” አለውና ሁሉም ሳቁ። ከዚያ አንድ በአንድ ወደ ደመራቸው ተመለሱ። ድንጋዩን ማን እንደወረወረው እስካሁን አላወቅንም።

ሲጨርስ እማማ አይቪ እጁን ይዘው “የማድ ቤቱስ?” አሉት።

“ሐሙስ መጥቼ እሠራልዎታለሁ” አላቸው።

ዲምፕና፣ እኔን ያሳሰበኝ ይህ ሐሙስ ነው። ያን ቀን እኔም ነበርኩ፣ መርቪንም ነበር፣ ሁሉም ደንግጦ ነበር። በተራ ቀን፣ ብቻውን፣ ማንም ሳያጅበው ቢመጣስ? ልሂድና ላምጣው ብል መርቪን ከለከለኝ። “ተይው፤ አጃቢ ካስፈለገው መግባቱ ምን ዋጋ አለው?” አለኝ።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ከጠዋት ጀምሮ መስኮቴ ላይ ተተክዬ ነበር። የመሣሪያ ቦርሳውን አንግቦ በበሩ ገባ። ጎረምሶቹ ሱቁ ደጃፍ ላይ እንደተቀመጡ ናቸው። የሱቁ ባለቤት ሳጥን እያወረደ ነው። ያ የሰደበው ሰውዬ እንኳ መኪናውን እያጠበ ነበር፤ ፊንታን በአጠገቡ ሲያልፍ ውሃው እንዳይረጨው የውሃውን ቱቦ ወደ ሌላ በኩል አዞረና ማጠቡን ቀጠለ። ፊንታን እንደ ሰፈሩ ሰው የእማማ አይቪን በር አንኳኩቶ ገባ።

ማንም ቀና ብሎ አላየውም። ዲምፕና፣ ይህን ላንቺ ለመንገር ቸኩዬ ነው ወረቀት ያነሳሁት። ማንም ቀና ብሎ አላየውም።

እሁድ እመጣለሁ። መልክሽን ስለማላውቀው የትኛው አልጋ እንደሆነ ግሮንያ ታሳየኛለች። አንዲት ቃል ለማውጣት እንዳትታገዪ፤ እኔ ለሁለታችንም የሚበቃ ወሬ አለኝ።

ከግንቡ ወዲህ፣
ኖርማሽ