መጥሪያው በባሌ እጅ ስለመላኩ

ለተከበሩ የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበርና የፍርድ ሸንጎ ሰብሳቢ፣ ለጓድ አረጋ

በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ የተለጠፈ
ላስታ፣ መጋቢት ፲፱፻፸፫ ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፤ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ከብትዎ፣ ባለቤትዎ ወይዘሮ ሙሉሃብትና ልጆችዎ ሁሉ ደህና ናቸው? እኔ የጋሻዬ ሚስት አገሬ፣ ከግራ ክንዴ በቀር ደህና ነኝ፤ በመሠረተ ትምህርት ባስቆጠሩን ፊደል፣ በተረፈችው እጄ ይህን ምስጋና እጽፍልዎታለሁ።

፩ኛ/ ባሌ ይደበድበኛል ብዬ ስከስ፣ ውሎ ሳያድር መጥሪያ ጽፈው ለማኅበሩ ጥበቃ ስለሰጡልኝ አመሰግናለሁ። ጥበቃው ራሱ ጋሻዬ መሆኑን መቼም አያጡትም፤ ጠመንጃውን ያስታጠቁት እርስዎ ነዎትና። መጥሪያውን ይዞ ቤት መጣ፣ ከሳሿን አገኘና ክንዷን ሰበረ፤ በማግስቱም ተከሳሹ ተፈልጎ አልተገኘም ብሎ ሪፖርት አደረገልዎ። እርስዎም ሪፖርቱን ከፊትዎ ከቆመው ተከሳሽ ተቀብለው መዝገቡን ዘጉት።

፪ኛ/ ክንዴን በመቀነት አንግቼ ዳግመኛ ስመጣ፣ ምን እንዳጠፋሁ ራሴን እንድመረምር ስለመከሩኝ ውለታዎ አለብኝ። መረመርኩ። ወጡ ዘግይቶ ተመታሁ፤ ወጡ ቀድሞ ደርሶ ቢቀዘቅዝም ተመታሁ። የነፍስ አባታችንን የመምሬ ተክለ ሚካኤልን መስቀል በፈገግታ ተሳለምኩና ተመታሁ፤ በሌላ ቀን አንገቴን ደፍቼ ብሳለም፣ ምን ብትደብቂ ነው ተብዬ ተመታሁ። ጥፋቴን እርስዎ ካገኙት ያስታውቁኝ፤ እኔ ፈልጌ ደክሞኛል።

፫ኛ/ ሽማግሌዎችዎ፣ ከዱላው በኋላ አልቅሶ ቅቤ ገዝቶ የሚገባ ባል ቢወዳት ነው ብለው አስታርቀውናል። ቅቤውን ተቀብቻለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ልቅሶው ሲያበቃ ግን ከሴቶች ማኅበር ስብሰባ አስቀረኝ፣ ከጎረቤቴ ከገለቴ ጋር ውሃ መውረድ ከለከለኝ፤ ይህን ወረቀት የለጠፍኩትም ማገዶ ለቀማ ብዬ ወጥቼ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ እርቁ ሁልጊዜ እኔን ታገሺ በማለት ያልቃል። እፈራዋለሁ፣ ጓድ ሊቀመንበር። ኮቴውን ስሰማ እጄ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ይወድቃል፤ ስለወደቀውም እመታለሁ።

፬ኛ/ ወገል ጤና ከተማ እናቴ ዘንድ ለመሄድ የይለፍ ወረቀት ብለምን፣ ባል ሳይፈቅድ አይሰጥም አሉኝ። ደንብ አክባሪነትዎ የሚያስመሰግን ነው። ያለ ወረቀት ብወጣ ኬላ ላይ ተይዤ በጥበቃ ታጅቤ እመለሳለሁ፤ አጃቢዬ ማን እንደሚሆን ለእርስዎ አልነግርም። የምለምነው አንዲት ፊርማ ነው፤ የባሌን ሳይሆን የእርስዎን። ከዚያ ወዲያ ደጅዎ ላይ የሚቆም የተሰበረ ክንድ አያዩም።

ግራ እጄን አንስቼ አብዮታዊ ሰላምታ ላቀርብልዎ ባለመቻሌ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ የሸንጎዎ ፍትሕ ለእኔ እንደደረሰኝ ለማንም እህቴ እንዳይደርሳት እየጸለይኩ፣ ከአክብሮት ጋር፣

መዝገቧ የተዘጋባት፣ አገሬ

ማሳሰቢያ፦ ጋሻዬ ማንበብ አይችልም። ይህን ገንጥሎ እንደ ልማዱ እርስዎ እንዲያነቡለት ይዞ ይመጣል፤ ሰምቶ ሲጨርስ ደግሞ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። ጠመንጃውን ይቀበሉልኝ ብዬ አላስቸግርዎትም። ጋሻዬ እርስዎ ዘንድ እስካለ ድረስ እኔ ቤት ውስጥ ሰላም ነኝና፣ እባክዎ ቀስ ብለው ያንብቡለት።