ከማሽኑ ኋላ ያለው መሰኪያ

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ጠዋት 4፡00

ዛሬም የተጠራው ሄኖክ ነው። የእናቶች ክፍል አልትራሳውንድ አልነሣ ብሏል። ትናንት መብራት ሄዶ ሲመጣ እንደጠፋ ቀረ። ሲያበሩት ጥቁር ስክሪን፤ አንድ መስመር ጽሑፍ፤ ሲስተም የለም ይላል። አዋላጇ ብርቱካን ወርክሾፑ በር ላይ ቆማ፣ እኔን አልፋ እያየች፣ «ሄኖክ የለም?» አለች። ፊት ለፊቷ ተቀምጫለሁ። የሆስፒታሉን ዕቃ ስጠግን ዐሥራ አንድ ዓመቴ። እሱ ከሐዋሳ ከመጣ ገና አምስት ወሩ።

ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር፣ ደብተሬ። አይደለም። ዘበኛው እንኳ ሲያየው ፊቱ ይፈካል። እኔን «እርስዎ» ይለኛል። ገና ሠላሳ ስምንቴ ነው።

ከሰዓት 9፡00

ማሽኑን የሸጠው ድርጅት የሲስተሙን ፋይል በኢንተርኔት ላከለት። ፋይሉን ፍላሽ ላይ ጭኖ፣ ማሽኑ ከፍላሹ እንዲነሣ ማድረግ ነው ሥራው። አዲስ ትልቅ ፍላሽ አመጣ። ፊት ለፊት ባለው መሰኪያ ሰካው። ማሽኑ አላየውም።

ለምን እንዳላየው አውቃለሁ። ከአራት ዓመት በፊት ሦስት ቀን ለፍቼ ያገኘሁት ነገር ነው። ማሽኑ አሮጌ ነው። ትንሽ ፍላሽ ይፈልጋል፣ በድሮው ዓይነት ፎርማት የተደረገ። ያውም ከኋላ፣ ከታች ባለችው መሰኪያ ብቻ። ያኔ ማንም እግዜር ይስጥሽ አላለኝም።

አልነገርኩትም። እሱም ይልፋ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። 7፡30

አራተኛ ፍላሽ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ እሱ እጅጌውን ሰብስቦ ሲሚንቶው ላይ ተንበርክኳል። ብርቱካን ሻይ ይዛ መጣች። አንድ ብርጭቆ። ለእሱ።

ከምሳ በፊት ወደ ጠረጴዛዬ መጣ። ይህ ማሽን እርስዎ እያሉ እንዲህ ሆኖ ያውቃል ወይ አለኝ።

«አላስታውስም» አልኩት።

አመነኝ። አመስግኖኝ ሄደ። ምሳዬ ጣፈጠኝ። መጻፉ ያሳፍራል፣ ግን ጣፈጠኝ።

10፡00

ዶ/ር ወንድወሰን፣ ሥራ አስኪያጁ፣ መጥተው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «አይዞህ፣ አንተ አታጣውም።» ሲያቅተውም ይመሰገናል። ለእኔ ሲሳካልኝ የት ነበሩ?

ረቡዕ፣ ኅዳር 10። 3፡30

ከአንበሳሜ አንዲት እርጉዝ መጣች። ስምንት ወሯ ነው። ደም እየፈሰሳት። እንግዴ ልጁ የት ላይ እንደተቀመጠ ሳይታይ መንካት አይቻልም፤ የሚያሳየው ማሽን ደግሞ የለም። ወደ ባ/ዳር ላኳት። የመጣችበትን መንገድ መልሰው፣ በገዛ ቤቷ ደጅ አሳልፈው። መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው አሉ። እሱም ዕድል ነው።

አማቷ ነጩን ጋዋኔን አይተው ሐኪም መሰልኳቸው። እጄን ያዙ።

«እዚህ ማያ መሣሪያ የለም ወይ ልጄ?»

«አለ እናቴ። ተበላሽቶ ነው።»

«የሚያበጀው ሰው ጠፋ?»

«እየተሞከረ ነው።»

«እንግዲህ እግዜር እጃችሁን ይባርከው» ብለው አምቡላንሱ ላይ ወጡ። እጄን እንደያዙ ነበር ያሉት።

8፡40

ሄኖክ ምሳ ሲወጣ ከመሳቢያዬ ትንሿን ፍላሽ አወጣሁ። ከቢሮው ኮምፒውተር ፋይሉን ጫንኩ። ከኋላ ሰካሁ። ማሽኑ ወዲያው አየው።

ደስ ያለኝ ለአንበሳሜዋ ሴት አልነበረም። እውነቱን ልጻፍ። እሱን ያቃተው ለእኔ ስለታዘዘ ነው።

ግማሽ ላይ ቆመ። እንደገና ሞከርኩ። እዚያው ላይ ቆመ። ዞር ስል ሄኖክ በሩ ላይ ነው። የማሽኑን ጀርባ አየ፤ ፍላሿን አየ፤ እኔን አየ።

«ከኋላ ነው እንዴ?»

ተጠግቶ ፋይሉን ፈተሸ። የቢሮው ፋይል ጎድሎ የወረደ ነው። እሱ በላፕቶፑ እንደገና አውርዶ፣ ሙሉ መሆኑን ድርጅቱ ከላከው የማረጋገጫ ቁጥር ጋር አመሳክሯል። እንዲህ ማመሳከር እንዳለ አላውቅም ነበር። አልሳቀብኝም። «ላሳይዎት» አለ፤ አሳየኝ። በእኔ ፍላሽ፣ በእሱ ፋይል፣ ሃምሳ ደቂቃ። ስክሪኑ በራ። የገዛ ክንዱን ሰጠ፤ ምስሉን ሞከርን። ጥሩ ነው። ብርቱካን እየሮጠች መጥታ እሱን አቀፈችው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11። 3፡15

የጠዋት ስብሰባ ላይ ሄኖክ ተነሣ። ወደ እኔ እያመለከተ፣ መፍትሔውን ያገኙት እሳቸው ናቸው አለ። እኔ ስለፋ ሰነበትኩ፣ እሳቸው በአንድ የምሳ ሰዓት ጨረሱት አለ። ስለ ማክሰኞው ጥያቄው አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ተጨበጨበልኝ። ዶ/ር ወ. ባዶ የቆየው የወርክሾፕ ኃላፊነት ለእኔ ይሰጥ አሉ። እሺ አልኩ። ፈገግ ብዬ።

አሁንም እቀናለሁ፣ ደብተሬ። አሁን ደግሞ በደግነቱ። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን ያን አልናገርም ነበር።

8፡00

ብርቱካን ባ/ዳር ደወለች። የአንበሳሜዋ በኦፕራሲዮን ተገላግላለች። መንገድ ላይ ብዙ ደም ፈስሷታል። በሕይወት አለች። ሕፃኑ ማሞቂያ ውስጥ ነው፤ ነገሩ ገና አልለየለትም። ብርቱካን ስልኩን ዘግታ፣ ማሽኑ አንድ ቀን ቀድሞ ቢነሣ ኖሮ፣ አለች። ለነገር አይደለም። አታውቅም።

11፡00

ሰው እየወጣ ነው። ለሹመት ደብዳቤው ሙሉ ስሜን ከነአያቴ ጽፌ እንድሰጥ ከመዝገብ ቤት ሰው ተልኮብኝ ነበር። ብዕሩን ያዝኩና አስቀመጥኩት። እመለሳለሁ ብያለሁ። አልመለስም።

ወስኛለሁ። መጀመሪያ ለሄኖክ እናገራለሁ። አስታውስ እንደነበር። ለምን እንደዋሸሁትም። ቀንቼብህ ነው ማለት አለብኝ፤ ከሁሉ የሚከብደኝ እሱ ነው፣ በአፌ ማለቱ። ከዚያ ብቻዬን ዶ/ር ወ. ዘንድ፣ ደብዳቤው ሳይፈረም።

ጃኬቱን እየለበሰ ነው። ወርክሾፑ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ቀርተናል። እጁ በሩ ላይ ነው፣ ልጥራው።