በቨርሊን ስም የፈረምኩት

ማክሰኞ፣ ማርች 4

በረዶው አልቀለጠም። ዶሮ በድንች ሠራሁ፣ ጨው በዛበት። ቨርሊን ምንም ሳይል በላ።

አምስት ደብዳቤ መጣለት። እንደ ሁልጊዜው… እንዲፈርምበት የቤዝቦል ካርድ፣ አንድ ገጽ ጽሑፍ፣ ቴምብር የተለጠፈበት መመለሻ ፖስታ። ካርዱም ያው የሱ ፎቶ ያለበት የ1972ቱ ነው፤ ጉንጩን በትምባሆ ወጥሮ፣ ኳሷን ከጀርባው ደብቆ። ሁለት ዓመት ተኩል ብቻ ኳስ ለወረወረ ሰው ሌላ ካርድ ከየት ይምጣ?

ከምሳ በኋላ አነበብኩለት። “አባቴ ትከሻ ላይ ሆኜ አየሁህ የሚለውን ድገሚልኝ” አለ። ደገምኩለት። ከዚያ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወሰደው።

ማርከሩን አወጣሁና አምስቱንም ፈረምኩ። ቨርሊን ሁፍናግል፣ ቨርሊን ሁፍናግል… ቪ ፊደሉን ሰፋ፣ ጂውን ወደ ታች ሳብ አድርጌ።

ሐሙስ፣ ማርች 6

ዛሬ ደግሞ ሁለት።

“ስሚ እንጂ አርዲስ፣ ካርድ ሰብሳቢ እኮ ወሬ አያመልጠውም። እንደማልፈርም ሁሉም ያውቃል። እያወቁ ይጽፉልኛል። ሰው ደግ ነው” አለ ቨርሊን።

“ደግ ነው” አልኩ። ምን ልበል?

ወሬውስ ተወርቷል። ግን የተወራው ሌላ ነው። “ይፈርማል፣ በሳምንት ይመልሳል።” ደብዳቤውን የሚያመጣው ይሄ ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት እጁን መንቀጥቀጥ ሲጀምረው “በቃ፣ ይቅርታ ጠይቀሽ ሳይፈረም መልሺላቸው” አለኝ። መለስኩ። በሁለት ወር ውስጥ የፖስታ ሳጥኑ ባዶ ሆነ። በየቀኑ እስከ መንገዱ ድረስ ሄዶ ባዶ እጁን ይመለሳል። ጢሙን መላጨት ተወ። ከዚያ አንድ ቀን አንዷን ፈረምኩ… ቼኩንም የገና ካርዱንም በሱ ስም ስፈርም የኖርኩ ሴት፣ ምን ይከብደኛል? ሳንቲም አልተቀበልኩበትም።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔ ግን እያደር እንደ ድንጋይ ከበደ።

ማክሰኞ፣ ማርች 11

ከኦሃዮ፣ ክሊፎርድ ናይ ከሚባል ጡረተኛ። የ1972ቱን ካርዶች በሙሉ እያስፈረመ ነው። የቀሩት አራት፤ አንዱ ቨርሊን። ቨርሊን በዝናብ ዘጠኙንም ዙር ብቻውን የወረወረ ዕለት እዚያ ነበር። ጫማህ ውስጥ ውሃ ገብቶ በየመሃሉ ስታፈስ አይቼሃለሁ ይላል።

ቨርሊን ቀና አለ። “ጫማዬን አየ? ይሄን እኔ ነኝ የምፈርምለት።”

ረቡዕ፣ ማርች 12

አርባ ደቂቃ ፈጀበት። ካርዱን በማስመሪያ ያዝኩለት። ቪው ነፋስ የጣለው አጥር መሰለ፤ ጂው አምልጦ ፎቶው ላይ፣ አገጩ ድረስ ሄደ። ሸሚዙ በላብ ራሰ።

“አያምርም። ግን የኔ ነው።”

መሳቢያው ውስጥ ሌላ ያው ካርድ ነበረ። ፈርሜ ልቀይረው አሰብኩ… እግዜር ያውቃል፣ አልቀየርኩም። አንዴ እንኳ እውነተኛውን ልላክ ብዬ ላክሁት።

ሐሙስ፣ ማርች 27

ናይ መልሶ ጻፈ። ቨርሊን ወንበሩን ወደኔ አስጠጋ። “ክቡር ቨርሊን፣ ካርዱ ደርሶኛል…” ብዬ ጀመርኩ። ዓይኔ ድምፄን ቀድሞ ቀጣዩን አነበበ።

“…ግን የካርድ ገበያ ላይ ፊርማ ለሚያውቅ ሰው አሳየሁት። ጓደኛዬ ባለፈው ዓመት ካንተ ካገኘው ጋር አስተያይቶ፣ ፎርጅድ ነው አለኝ። ቤትህ ውስጥ ባንተ ስም የሚፈርም ሰው አለ። ብታውቀው ይሻላል ብዬ ነው። ካርዱን መልሼልሃለሁ።”

ምን አደረግሁ? ካርዱን ሽርጤ ኪስ ውስጥ ከተትኩና ከራሴ ፈጥሬ አነበብኩለት። “…አመሰግናለሁ፣ ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬዋለሁ።”

ፈገግ አለ። ማታም ሾርባውን እየጠጣ ለብቻው ፈገግ ይላል።

ዓርብ፣ ማርች 28

“የኦሃዮውን ድገሚልኝ።”

ደገምኩ። “…አመሰግናለሁ፣ አልበሜ ውስጥ አስገብቼዋለሁ።”

“ትናንት ግድግዳ ላይ ነበር።”

ደብዳቤውን አጠፍኩት።

“እጄ ነው እንጂ ጭንቅላቴ አይንቀጠቀጥም። አምጪው።”

ሰጠሁት። እጁ ላይ ሲርገበገብበት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አነበበው። ሁለት ጊዜ።

“ካርዱስ?”

ከሽርጤ አወጣሁ።

“ጓደኛው ያገኘውስ የማን ነው?”

“የኔ።”

“ስንቱን ፈረምሽ?”

“ሁሉንም። ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው።”

ካርዱን ገልብጦ ጀርባውን አየ። እንደገና ፊቱን አየ።

“ታዲያ እኔ እንዲሁ የሚጽፉልኝ መስሎኝ…” አለና አልጨረሰውም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የሱን እጅ ፎርጅድ ያስባልኩት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ፣ ማርች 29

አላናገረኝም።

ሰኞ፣ ማርች 31

ለሁሉም ጽፌ ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ ተቀመጥኩ። ለማን? አድራሻቸው መመለሻው ፖስታ ላይ ነበር፤ ከነካርዱ ሄዷል። በእጄ ያለው የናይ ብቻ ነው።

ቨርሊን ከበሩ ላይ ቆሞ ያየኝ ነበር። መጣና ተቀመጠ። “ጻፊ” አለ። “ያንተ ካርድ ላይ ያለው ፊርማ የኔ ነው። የሌሎቹ የሚስቴ ነው።”

“ሌላስ?”

“ሌላ ምን አለ?”

ከታች ራሱ ፈረመ። ማስመሪያ ልያዝልህ ስለው “ተይው” አለኝ። ካርዱንም መልሶ ፖስታው ውስጥ ከተተው።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 16

አሁን ሳይፈረም እየመለስኩ ነው፣ ይቅርታ ከሚል ትንሽ ወረቀት ጋር። በዚህ ሳምንት ሁለት መጣ። ባለፈው አምስት ነበር።

ሰኞ፣ ሜይ 5

የዘር ካታሎግና የመብራት ቢል። ሌላ የለም።

“ሂጂና እዪ” አይለኝም፤ ራሱ ነው የሚሄደው። ባዶ እጁን ሲመለስ በመስኮት እያየሁ ሰሃን አጥባለሁ። የታጠበውን ደግሜ አጥባለሁ። ብፈርም ኖሮስ? ሃያ ቢመጡ ደስ ይለው ነበር… እንዲህ ማሰብ አልተውኩም። አፍራለሁ፣ ግን አልተውኩም።

ማክሰኞ፣ ሜይ 20

ናይ ጻፈ። ካርድ የለበትም፣ መመለሻ ፖስታም የለበትም።

ቨርሊን ራሱ ቀደደው፣ ፖስታውን ግማሽ አድርጎ። መጀመሪያ ለብቻው ጨረሰው። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አኑሮ “አንብቢልኝ” አለ።

ካነበብከው በኋላ ለምን? አልጠየቅሁም።

ካርዱ አልበሙ ውስጥ ቦታውን ይዟል። ሰውዬውን፣ ፊርማ አውቃለሁ ባዩን፣ “አፈር በላህ” ብሎታል። አሳዝኜህ ከሆነ ይቅርታ ይላል። ጓደኛው ደግሞ የሚስትህን ፊርማ ይዤ ምን ላድርግ እያለ ነው።

“ይያዘው በይው። ያንቺ የተሻለ ያምራል” ብሎ ሳቀ። ከማርች ወዲህ የመጀመሪያው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ሲስቅም ጣቱን ከወረቀቱ አላነሳም። ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ እየተንቀጠቀጠች ከቃል ወደ ቃል ትሄዳለች። የሌለ ነገር እንዳላነብ ነው። ምን ያድርግ? እኔ ነኝ እዚህ ያደረስኩት።

እስከ መጨረሻው አነበብኩለት። ከጣቱ ቀድሜ አንዲት ቃል አላልኩም።