«በሰለ» የተባለው ድምፅ

ጥቅምት 5
የአቦ ዕለት። ከማኅሌት ስንወጣ ቄስ አስናቀው ክንዴን ይዘው፣ «መሪጌታ፣ ድምፅዎ አሁን ገና በሰለ!» አሉኝ። እሳቸው ብቻ አይደሉም፤ ከጎረነነ ወዲህ የመካነ ሰላም ሰው ሁሉ ያመሰግነኛል። ደስ አለኝ፤ ምን እዋሻለሁ? ዜማ ሲጸና ጉሮሮ ይሰብራል። ተማሪዎቼንም የምላቸው ይህንኑ ነው።

ኅዳር 24
ዳገቱ ላይ ትንፋሽ አጠረኝ... ያፏጫል። «ይሄስ ዜማ አይደለም» አለች ባለቤቴ በለጥሻቸው። ነገ ደሴ፣ ሐኪም ቤት።

ታኅሣሥ 16
ደሴ። ከጉሮሮዬ የወሰዱት ናሙና ውጤት መጣ። ካንሰር። ሐኪሟ ፈይዛ ትባላለች፤ በዕድሜ ልጄ ትሆናለች።
«አባባ፣ ይሄ ብዙ የማይገኝ ዓይነት ነው። ከማንቁርት ልም አጥንት ይበቅላል፤ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው።»
«በጨረር አይጠፋም?»
«ይሄኛውን ጨረር እምብዛም አይደፍረውም። መቁረጥ ነው።»
ምኑን? ማንቁርቱን፣ ከነድምፁ። ከዚያ በአንገት ቀዳዳ መተንፈስ...
ቀደም ብዬ መጥቼ ቢሆን ዕጢውን ብቻ አንስተው ድምፄን ያተርፉልኝ ነበር። «ከጎረነነ ሁለት ዓመት! ሰው ምንም አላለዎትም?»
ብሏል እንጂ። አመስግኖኛል። ይህን ለሐኪሟ እንዴት ልንገራት?

ታኅሣሥ 22
አልቆረጥም። ድምፅ የሌለው መሪጌታ ምን ሊባል ነው?

ጥር 6
ተማሪዬን ቢተውን ሲያዜም በአጥር በኩል ሰማሁት። መጀመሪያ ለትምህርት ሲመጣ እንደ ምንጭ የጠራ ድምፅ ነበረው። ዛሬ ጉሮሮውን አንቆ ያጎረንናል። ጮህኩበት።
«እንደርስዎ ነው እኮ፣ የኔታ» አለኝ፣ ኮርቶ።
እግዚኦ! ልጁ ዕጢዬን ነው የሚያጠናው።

ጥር 15
ቁጭ ብዬ ነው የማድረው፤ ጋደም ስል ያፍነኛል። በለጥሻቸው ተቆጣች። «ከአፈር በታች ለማን ሊያዜሙ ነው? እርስዎ ይኑሩልኝ፤ ዜማው ይቅር!»
እሺ አልኳት። ምን አማራጭ አለኝ?

ሚያዝያ 2
ማንቁርቴን አስቆርጬ ከአዲስ አበባ ተመለስኩ። አለሁ። ጠያቂው ሁሉ የደነቆርኩ ይመስል ይጮህብኛል። ቂሎች!
ቢተው መጣ። ሊያስደስተኝ ብሎ ያዜምልኝ ጀመር... በዚያው በጎርናናው። እጁን ያዝኩና አንገቴ ላይ ካለው ቀዳዳ አስነካሁት። ያ ድምፅ ከዚህ ነበር የሚመጣው። ገባው፤ ፊቱ ጠቆረ። በጥንቱ ድምፁ ሞከረ። ደግሞ ሞከረ። እምቢ አለው። የኔን ሲቀዳ የራሱ ጠፍቶበታል።
«እስቲ አንዴ ይምሩልኝ፣ የኔታ» አለኝ፣ እንባው እየመጣ።
አፌን ከፈትኩ። ትንፋሼ በአንገቴ ወጣ።